«ኖርማል» የማን ኖርማል ነው?

ሰሞኑን አዋሽና ሰመራ የሠራችሁ፣ የተማራችሁ፣ መኪና ይዛችሁ ያለፋችሁ ወዳጆቼ ሁሉ ናፍቆት ላይ ናችሁ። «ያ ትኩስ ሚሪንዳ!» ትላላችሁ። «ፍሪጅ የማያውቀው ኮካ፣ ጣዕሙ አሁን የታለ!» ትላላችሁ። አንዱማ «በክረምት ሞቅ ያለ ለስላሳ እንደ ሰመራ የት ይገኛል» ብሎ ጽፎ ስንቱ ወደደለት። ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፣ አልቻልኩም። እዚያ አገር ጠመኔ ይዤ የቆምኩ ሰው ነኝና ልናገር። የምትናፍቁት ነገር ጣዕም አልነበረም፤ መብራት ማጣት ነበር።

መጀመሪያ «ክረምት» የምትሉትን እናጥራ። ደጋ ላይ ክረምት ማለት ዝናብ፣ ጭቃና ጋቢ ነው። ሰመራ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 430 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ማለፉ እዚያ ወሬ አይሆንም። አፋር ቀዝቀዝ የሚልለት ወቅት ጊላል ነው፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ገደማ ያለው። ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ሐጋይ ነው፤ ያን የቀመሰ ያውቀዋል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ 1000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ትንሽ ትሻላለች እንጂ እሷም ቆላ ናት። «ክረምት የዝናብና የብርድ ወቅት ነው» ብዬ ሳስተምር ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ብርዱ የት ነው?» ያለኝ ልጅ ነበር። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ግን ልክ ነበር። መጽሐፉ የተጻፈው ብርድ ያለበት ሆኖ ነው።

«ኖርማል» የሚባለውም እንደዚያው ነው። ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ቁጭ ስትሉ አስተናጋጁ «ቀዝቃዛ ወይስ ኖርማል?» ይላችኋል። ቶንሲል የሚፈራ፣ ጉንፋን የያዘው፣ ዝናብ የመታው «ኖርማል» ይላል። ደግ ያደርጋል! የደብረ ብርሃን ኖርማል ከመደርደሪያ ላይ ሲነሳ ራሱ ቀዝቃዛ ነው። የሰመራ ኖርማል ግን የሰውነታችንን ሙቀት ያህላል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ቃሉ አንድ ነው፣ ጠርሙሱም አንድ ነው፤ የሚጠጣው ግን ሌላ ነገር ነው።

«ጣዕሙ» ለምትሉትም የሳይንስ መምህራኖቻችሁ ይታዘቧችኋል። ጋዝ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሲሞቅ ይሸሻል። 40 ዲግሪ ላይ ያለ ውኃ የሚይዘው የለስላሳ ጋዝ፣ ዜሮ ዲግሪ ላይ ከሚይዘው ሲሶ እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው ቆርኪው ሲነሳ ግማሹ ሸሚዛችሁ ላይ የሚገነፍለው። ምላሳችን ደግሞ ጣፋጭን የበለጠ የሚሰማው ሲሞቅ ነው። ስለዚህ የቀረው 300 ሚሊ ሊትር ውስጥ የተበጠበጠ ወደ 30 ግራም የሚጠጋ ስኳር ነው። ጥም አይቆርጥም። ጠጥታችሁ ስታበቁ ውኃ የምትጠይቁት ለምን ይመስላችኋል?

«አፋርም እኮ በዚያ ሙቀት ትኩስ ሻይ ይጠጣል» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ ይጠጣል። ሻይ ግን አስቦበት፣ እሳት አንድዶ፣ ጥዶ ነው የሚያሞቀው። በፈረንጅ አገርም ትኩስ ለስላሳ አለ። አሜሪካ ውስጥ የዶክተር ፔፐር ኩባንያ በ1950ዎቹና 60ዎቹ ክረምት ላይ ገበያ ሲቀንስበት «አሙቃችሁ ሎሚ ጣል አድርጉበት» ብሎ ያስተዋውቅ ነበር። ሆንግ ኮንግም ጉንፋን የያዘው ሰው ኮካ በዝንጅብልና በሎሚ አፍልቶ ይጠጣል። እነሱ በርዷቸው፣ መርጠው ነው ያሞቁት። ሎግያ ላይ ግን ለስላሳ የሚጥድ ሰው አይታችኋል? እኔ ያየሁት የተገላቢጦሹን ነው። ባለሱቁ ሳጥኑ ላይ ጆንያ አልብሶ ውኃ ያርከፈክፍበታል። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ መኪናው ጎን ላይ ያንጠለጥላል። እናቶች ውኃውን ሸክላ ውስጥ ጥላ ሥር ያኖራሉ። አገሬው በሙሉ ትንሽ ቅዝቃዜ ለማግኘት ሲታገል ነው የሚውለው። ያንን ትግል ሳታዩ ውድቀቱን «ጣዕም» አላችሁት።

ነገሩ የለስላሳ ብቻ ቢሆን ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። የስኳር ሕመምተኛ እናት የነበሩት አንድ ተማሪ ነበረኝ። ቤታቸው ፍሪጅ የለም። ኢንሱሊናቸው የሚቀመጠው ሰፈር ያለ ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከሚሪንዳው አጠገብ ነበር፤ ባለሱቁ እግዜር ይስጠው ገንዘብ አይቀበልም። መብራት ሲጠፋ ልጁ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አይችልም ነበር። ፈቃድ ጠይቆ ይወጣል፣ ብልቃጡን ይወስዳል፣ እርጥብ ጨርቅ ይጠቀልላል። ኢንሱሊንም ብዙዎቹ ክትባቶችም መቆየት ያለባቸው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። እና እናንተ «ትኩስ ሚሪንዳ» ያላችሁበት ቀን፣ ለዚያ ልጅ የእናቱ መድኃኒት የሞቀበት ቀን ነው። ፍሪጁ አንድ ነው።

በዚህ ላይ ወንዙን አስቡት። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ቆቃ ላይ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ ወንጂና መተሐራ ላይ ሸንኮራ ያጠጣል። መብራትም ስኳርም ከዚህ ወንዝ ወጥቷል። ታዲያ ወንዙ የሚያልቅበት አገር ሰው ቀዝቃዛ ነገር ሲመኝ እንደ ቅንጦት ሊታይበት ነው?

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች እኮ ሙቀቱን ለቻልንበት የበረሃ አበል ይታሰብልን ነበር። ዝውውር ሲመጣም ሻንጣችንን ይዘን እንወጣለን። እዚያ ለተወለደ ሰው አበልም ዝውውርም የለውም። ችግሩን በናፍቆት ማጣፈጥ የሚቻለው ጥሎት መሄድ የሚችል ሰው ብቻ ነው።

ናፍቆት ይቅር አላልኩም። ጥላው ሥር የተቀመጥንበትን ሰዓት ናፍቁ። የቀረበላችሁን የግመል ወተት ናፍቁ። ስለ አገሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ አንድ በአንድ የሚጠያየቁበትን ዳጉ ናፍቁ። እነዚህን አፋር የሰጣችሁ መርጦ፣ ከራሱ አውጥቶ ነው። የሞቀው ጠርሙስ ግን ስጦታ አልነበረም፤ የነበረው ያ ብቻ ስለሆነ ነው የቀረበላችሁ።

ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ከእናንተ መሐል መሐንዲስ አለ፣ ነርስ አለ፣ በጀት የሚፈርም አለ። «ቆላ ነው፣ ለምደውታል» የሚል ቃል ስብሰባ ላይ ስትሰሙ ዝም አትበሉ። አልለመዱትም። ጆንያውን ዛሬም እያረጠቡት ነው።