«ኮምፒውተርን የፈጠርነው እኛ ነን» ከማለታችን በፊት 15ን በ23 እናባዛ

ሰሞኑን ያ ፖስት እንደገና መዞር ጀምሯል። ታውቁታላችሁ። አንድ የውጭ አገር ሰው ገበያ ወጥቶ ከብት ሊገዛ ይፈልጋል፤ የጠቅላላውን ዋጋ ማስላት ያቅታል፤ ቄስ ይጠራሉ። ቄሱ ጉድጓዶች አስቆፍረው፣ ጠጠር እየጣሉ፣ በአንድ በኩል እያጋመሱ በሌላው በኩል እጥፍ እያደረጉ መልሱን ቁጭ ያደርጉታል። ከዚያ መደምደሚያው ይመጣል፦ «የዛሬው ኮምፒውተር የሚሠራው በዚህ ስሌት ነው። ከእኛ ሰርቀው ነው!» ከሥሩ ባንዲራ፣ እሳት፣ ልብ። ሼር፣ ሼር፣ ሼር።

ስሌቱን እወደዋለሁ። የምቃወመው መደምደሚያውን ነው። ሐሰት መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ የባሰው ግን ነገሩ መጣፈጥ በሚጀምርበት ቦታ ላይ እንድናቆም ማድረጉ ነው።

እስኪ መጀመሪያ እናስላው። 15 ፍየል፣ አንዱ በ23። በግራ 15ን እያጋመስን እንወርዳለን፤ የሚተርፈውን ግማሽ እንጥላለን፦ 15፣ 7፣ 3፣ 1። በቀኝ 23ን እጥፍ እያደረግን እንወርዳለን፦ 23፣ 46፣ 92፣ 184። በግራ ሙሉ ቁጥር (ለሁለት እኩል የሚከፈል) ያለበትን ረድፍ እንሰርዛለን፤ ጎዶሎ ያለበትን እንይዛለን። እዚህ አራቱም ጎዶሎ ናቸው። ስለዚህ 23 ሲደመር 46 ሲደመር 92 ሲደመር 184፣ 345 ይሆናል። ትክክል ነው።

ለምን ይሠራል? ጎዶሎና ሙሉውን ስንለይ ሳናውቀው 15ን በባይነሪ እየጻፍነው ስለሆነ ነው፦ 1111፤ ማለትም 8 እና 4 እና 2 እና 1። ፖስቱ እስከዚህ ድረስ እውነት አለው። ዝምድናው እውነተኛ ነው።

«ከእኛ ሰረቁ» የሚለው ግን አይቆምም። ይኸው ዘዴ በእንግሊዝኛ አንዳንዴ «የኢትዮጵያ ማባዣ»፣ አንዳንዴ «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዣ» ይባላል። እጥፍ እያደረጉ ማባዛት ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ገደማ በተጻፈው የግብፅ ፓፒረስ ላይ ቁልጭ ብሎ ይገኛል፤ ጸሐፊው አሕመስ ይባላል፣ ፓፒረሱ ዛሬ ለንደን የብሪታንያ ሙዚየም ነው ያለው። አፍሪካዊ ኩራት ለሚፈልግ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል? በዜሮና በአንድ ብቻ ስለሚጻፍ ቁጥር ላይብኒዝ እ.ኤ.አ. በ1703 አሳተመ፤ ሻነን በ1937 የመመረቂያ ጽሑፉ ያንን ከኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ ጋር አገናኘው። ማንም የገበያ ጉድጓድ አላየም። እንዲያውም በ1940ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ዝነኛው ኤኒያክ የሚያሰላው በባይነሪ አልነበረም፤ እንደኛው በአሥር በአሥር ነበር!

«ወጣቱን ለማነቃቃት ነው፣ ምን አስጨነቀህ?» የሚለኝ ይኖራል። የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው። ያ ወጣት ፖስቱን አንብቦ ነቃ እንበል። ቀጥሎ ምን ይጠይቃል? ምንም። «ሠርተን ጨርሰናል» ብለነዋልና።

እውነተኛው ጥያቄ እዚህ ጋ ነው፦ የዛሬው ቺፕ በእርግጥ እንደዚያ ነው የሚያባዛው? መልሱ፦ ከዚያም ይበልጣል።

ታክሲ ውስጥ ሂሳቡ 15 ብር ነው እንበል። አንዱ 10 እና 5 አውጥቶ ይሰጣል። ሌላው 20 ሰጥቶ 5 መልስ ይቀበላል። ሁለቱም 15 ከፈሉ። ሰዓትም እንደዚሁ ነው፤ «ሁለት ከሃምሳ» ብትሉም «ለሦስት አሥር ጉዳይ» ብትሉም ያው ነው። መልስና ጉዳይ ማለት «ሲቀነስ» ማለት ነው። ሳናስበው በየቀኑ በመቀነስ ጭምር ቁጥር እንጽፋለን።

ወደ ፍየሎቹ እንመለስ። አራት ቁጥር ከመደመር፣ 15 ማለት 16 ሲቀነስ 1 አይደለም? 23ን አራት ጊዜ እጥፍ አድርገው፦ 368። አንድ 23 ቀንስ፦ 345። አለቀ። ሦስት መደመር በአንድ መቀነስ ተተካ። አንድሩ ቡዝ የሚባል ሰው ለንደን ቢርክቤክ ኮሌጅ ውስጥ ይህን ሐሳብ ለማሽን የሚሆን ሥርዓት አድርጎ በ1951 አሳተመው። ከዚያ የተወለዱ ዘዴዎች እስከ ዛሬ በቺፕ ውስጥ ያባዛሉ። ዜሮና አንድ ብቻ ሳይሆን «ሲቀነስ አንድ» የሚባል ሦስተኛ አኃዝ ይገባል ማለት ነው። ያኔ 3ን 2 ሲደመር 1 ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ 4 ሲቀነስ 1 ብሎም ይቻላል፤ 4 ሲቀነስ 2 ሲደመር 1 ብሎም ይቻላል። መሐንዲሶቹ ይህን «ሪደንዳንት» ይሉታል፤ ትርፍ ያለው አጻጻፍ፣ አንዱን ቁጥር በብዙ መንገድ የሚያስጽፍ።

ትርፉ ለምን ይጠቅማል? 9999 ላይ 1 ደምሩ። ዜሮ ጽፎ አንድ መያዝ፣ ዜሮ ጽፎ አንድ መያዝ፣ እስከ መጨረሻው። እያንዳንዱ ቦታ የጎረቤቱን ይጠብቃል፤ ልክ እንደ ታክሲ ሰልፍ፣ ፊተኛው ካልተነቃነቀ ኋለኛው አይነቃነቅም። በባይነሪም ያው ነው፤ 64 ቦታ ካለ ሰልፉ 64 ሊደርስ ይችላል። ሊቱዌኒያ የተወለደው አልጊርዳስ አቪዚዬኒስ በ1961 ያሳየው ነገር ይህ ነው፦ አኃዞቹ አሉታዊ መሆን ከቻሉ የሚያዘው አንድ ሩቅ አይሄድም፤ እዚያው አጠገብ ይቆማል። ሁሉም ቦታ ባንድ ጊዜ ይደመራል፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል ይርዘም። መልሱን ወደ ተራው አጻጻፍ መመለስ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል።

ትርፉ ስህተትንም ይሸከማል። በማካፈል ላይ ቺፑ ቀጣዩን አኃዝ ከሠንጠረዥ አይቶ በግምት ይመርጣል። ግምቱ ትንሽ ቢበዛ ችግር የለም፣ በሚቀጥለው እርምጃ አሉታዊ አኃዝ መርጦ ይመልሰዋል። የኢንቴል ፔንቲየም በዚህ መንገድ ነበር የሚያካፍለው፤ አኃዞቹ ከሲቀነስ ሁለት እስከ ሁለት። ነገር ግን 1066 ቦታ ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ አምስቱ ላይ መግባት የነበረበት ቁጥር አልገባም፤ ዜሮ ሆነው ቀሩ። ያን ያህል ስህተት ደግሞ ትርፉም አይሸከመውም። 4195835 ለ3145727 ሲካፈል 1.33382 መሆን ሲገባው ማሽኑ 1.33373 አለ።

ማን ደረሰበት? አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ያስተምር የነበረ ቶማስ ናይስሊ የሚባል የሒሳብ መምህር። በ1994 ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ሲያሰላ መልሱ አልጥም አለው። «ኮምፒውተር አይሳሳትም» ብሎ አላለፈውም፤ ደጋግሞ ፈተሸው፣ ከዚያም ለሌሎች ጻፈ። ኩባንያው ተራ ተጠቃሚ ይህን ስህተት የሚያገኘው በ27,000 ዓመት አንዴ ነው ብሎ ተከራከረ። በመጨረሻ ግን ለጠየቀ ሁሉ ቺፑን ሊቀይር ተስማማ፤ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዘገበ። አንድ መምህር «እስኪ ላረጋግጥ» ስላለ!

አሁን ወደ ራሳችን። የፍየሉን ሂሳብ በቃሉ የሚጨርስ ነጋዴ ዛሬም በየገበያው አለ። 98 እና 47ን «መቶ አርባ ሰባት፣ ሲቀነስ ሁለት፣ መቶ አርባ አምስት» የሚል ልጅም በየክፍሉ አለ። ያ ልጅ ምን ይደርስበታል? «ባስተማርኩህ መንገድ ሥራ» ይባላል፤ ቁጥሩን ቁልቁል ደርድሮ አምስት ጽፎ አንድ ካልያዘ እርማቱ ይቆረጥበታል። የገበያውን ስሌት በቴሌግራም እናወድሳለን፣ በክፍል ውስጥ በቀይ እስክሪብቶ እንሰርዛለን። የዓለም መሐንዲሶች 70 ዓመት የለፉበት ሐሳብ፣ አንድ ቁጥር ብዙ መልክ ሊኖረው ይችላል፣ ቀላሉን ምረጥ የሚለው፣ እኛ ጋ እንደ ዲስፕሊን ጥፋት ይታያል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ያንን ፖስት የምትለጥፉ ሰዎች፣ ቀጥሎ ሁለት መስመር ጨምሩበት፦ «ይህን በአራት ቁጥር ሳይሆን በአንድ መቀነስ መሥራት ትችላላችሁ? ለምን ይሠራል?» መምህራን ሆይ፣ መልሱ ትክክል ሆኖ መንገዱ ሌላ ከሆነ፣ ከመሰረዛችሁ በፊት ልጁን «እንዴት አሰብከው?» ብላችሁ ጠይቁት። ወላጆችም እንደዚሁ።

ቄሱ በእርግጥ ከነበሩ፣ ጠጠሩን አንድ በአንድ ቆጥረው እንጂ ሰምተው አልደገሙም። የእሳቸው ወራሽ ነኝ የሚል ሰው ሼር ከማድረጉ በፊት ይቁጠር።

ቸር ይግጠመን።