ሻይ ላይ የጨመርነው ስኳር የት ይደርሳል?

በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ ደግሞ ብርጭቆ ውስጥ ስለምንጨምረው ስኳር እንነጋገር። ነገሩ ቀላል የመሰለው ካለ እስከ መጨረሻው ያንብብልን።

ባለፈው የማስተማር ልምምዳችን አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ በየሃያ ደቂቃው እጇን እያወጣች «ጋሼ፣ ሽንት ቤት ልሂድ?» ትላለች። ተመልሳ ትንሽ እንደ ቆየች ደግሞ «ጋሼ፣ ውሃ ልጠጣ?» በሦስተኛው ቀን «አርፈሽ ተቀመጪ!» ብለን ከለከልናት። ቅጻችን ላይም «ክፍል የምትረብሽ» ብለን ጻፍን። በሳምንቱ ቀረች። እናቷ መጥተው ሐኪም ቤት መተኛቷን፣ የስኳር በሽታ እንደተገኘባት ሲነግሩን የምንገባበት ጠፋን። ያንኑ ወር እኮ ስለ ኢንሱሊን ፈተና ላይ ጽፈን ሙሉ ማርክ አግኝተናል!

እስቲ የጻፍነውን እንደገና እንየው። የሻይ ስኳር ቀጭኑ አንጀት ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሆናል። ሁለቱም ወደ ደም ሰርገው በቅድሚያ የሚያልፉት በጉበት በኩል ነው። ፍሩክቶስን በአብዛኛው ጉበት እዚያው ያስቀረዋል፤ ሲበዛበት ወደ ስብ ይለውጠዋል። ግሉኮስ ግን ወደ መላ ሰውነት ይዘልቃል። ጤነኛ አዋቂ ሰው ምግብ ሳይቀምስ በደሙ ውስጥ ያለው ግሉኮስ ተሰብስቦ ቢመዘን 5 ግራም ያህል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። እኛ በአንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ እንገለብጣለን! ታዲያ ደማችን ለምን ሽሮፕ አይሆንም ቢሉ፣ ቆሽት ኢንሱሊን ስለሚልክ ነው። ኢንሱሊን የጡንቻና የስብ ህዋሳትን በር ያስከፍታል፤ ጉበትም ትርፉን ግላይኮጅን አድርጎ እንዲያከማች ያደርጋል። ህዋሱ ውስጥ ግሉኮስ መጀመሪያ ለሁለት ይሰበራል፤ ቀጥሎ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ በኦክስጅን ተቃጥሎ ጉልበት ይሰጣል። የሚተርፈው ውሃና የምናስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ቆሽት ኢንሱሊን መሥራት ሲያቆምስ? ስኳሩ ደም ውስጥ ሞልቶ ህዋሱ ይራባል፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ደም ከ180 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት መልሶ መያዝ ያቅተዋል፤ ስኳሩ ውሃ እየጎተተ በሽንት ይወጣል። የልጅቷ «ረብሻ» ይህ ነበር። በነገራችን ላይ፣ እናቷን «ጣፋጭ አብዝተሽባት ነው» ያሏቸው ጎረቤቶች ተሳስተዋል። እንዲህ ያለው የልጆች በሽታ የሚመጣው የሰውነት መከላከያው ራሱ ኢንሱሊን ሠሪዎቹን ህዋሳት ሲያጠፋ ነው እንጂ ከከረሜላ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1922 ቶሮንቶ ውስጥ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን እስኪወጋ ድረስ እንዲህ ያለ ልጅ የመዳን ተስፋ አልነበረውም። ዛሬ መድኃኒቱ አለ፤ ችግሩ በጊዜ ማወቁ ላይ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ አስተማሪን ምን አገባው?» ይላሉ። በፍጹም አንስማማም። ሐኪሙ ልጅቷን ያያት ከወደቀች በኋላ ነው፤ እኛ ግን በየቀኑ ስናያት ነበር። ስለዚህ ወደ ልምምድ ከመውጣታችን በፊት ይህ ትምህርት በተማሪው ላይ ምን እንደሚመስል አብሮ ይሰጠን እንላለን። ውሃና ሽንት ቤት መከልከልም ከቅጣት ዝርዝር ይውጣ። ደግሞ ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ምግብ ሲዘገይበት ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ግራ ይጋባል። ያኔ «ተኛህ» ብሎ መቆንጠጥ ሳይሆን፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር የበዛበት ሻይ ቶሎ መስጠት ነው። አዎን፣ ያው ስኳር!

ልጅቷ ተመልሳለች። በር አጠገብ ትቀመጣለች፤ የውሃ ኮዳዋ ዴስኩ ላይ ነው። ቅጹ ላይ የጻፍነው እንዲሰረዝ ጠይቀን እስካሁን መልስ አላገኘንም።