«ኤክስትራ ድራይ» ጣፋጭ መሆኑን ማን ነገራት?

ጽሁፉ ረዘም ይላል፣ ቻሉት። ሰሞኑን ሼር የተደረገ አንድ ታሪክ ስር ያለውን ኮመንት ሳነብ አምሽቼ ነው ተናድጄ የምጽፈው። ባለታሪኳን አውቃታለሁ። ተማሪዬ ነበረች።

ልጅቷ ዱባይ አንድ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ናት። አንድ እንግዳ ፕሮሴኮ አዘዛት፤ ያንን አረፋ ያለውን የጣሊያን ወይን ማለት ነው። «ጣፋጭ ያልሆነውን» አላት። ፍሪጁ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ላይ «ብሩት» ይላል፣ ሌላው ላይ «ኤክስትራ ድራይ»። ብሩት ምን እንደሆነ የነገራት ሰው የለም። ድራይ ግን ደረቅ ነው፣ ኤክስትራ ሲጨመርበት ደግሞ በጣም ደረቅ። ያንን ከፍታ አቀረበች። ሰውየው ቀምሶ «ይሄ ጣፋጭ ነው» ብሎ መለሰው። የጠርሙሱ ዋጋ ከደሞዟ ተቆረጠ።

ከዛ የኛ ሰው መጣ። «እንግሊዝኛ ሳይችሉ ሆቴል ይገባሉ።» «አሰደባችሁን።» አንዱማ «የትምህርት ጥራት ማለት ይሄ ነው» ብሎ እኛን አስተማሪዎቹንም አብሮ ጠረገን።

እሺ። እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፣ የወይን ሊቅ አይደለሁም። ፕሮሴኮ በህይወቴ ሁለቴ ነው የቀመስኩት፣ ሁለቱንም ሰርግ ላይ፣ ሁለቱንም ጊዜ «ሻምፓኝ» ተብሎ። (እኛ ጋ ቡሹ የተተኮሰ ሁሉ ሻምፓኝ ነው፤ ሻምፓኝ ግን የፈረንሳይ አንድ አካባቢ ስም ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን።) «መምህር ሆነህ ስለ መጠጥ ትጽፋለህ?» የምትሉም አትድከሙ። የምጽፈው ከደሞዝ ስለተቆረጠ ብር ነው።

የልጅቷ እንግሊዝኛ ትክክል ነው። ስህተቱ ያለው ጠርሙሱ ላይ ነው።

በአውሮፓ ህብረት ህግ አረፋ ያለው ወይን በስኳሩ መጠን ስም ይሰጠዋል። በሊትር ከ12 ግራም በታች ከሆነ «ብሩት» ይባላል። ከ12 እስከ 17 ግራም «ኤክስትራ ድራይ»። ከ17 እስከ 32 ግራም ደግሞ፣ ተቀመጡና ስሙ፣ «ድራይ»። ብቻውን «ድራይ» የሚለው ከ«ኤክስትራ ድራይ» ይጣፍጣል፣ ሁለቱም ከብሩት ይጣፍጣሉ። ልጅቷ ከቀረቡላት ሁለቱ ጣፋጩን የመረጠችው ቃሉን አውቃ ስለተረጎመች ነው። እንግሊዝኛ ጨርሶ ባታውቅና በእድል ብታነሳ ግማሽ በግማሽ የመዳን እድል ነበራት!

ሒሳቡን እንስራው። የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ነው። በሊትር 15 ግራም ቢሆን ጠርሙሱ ውስጥ 11 ግራም ከሩብ ስኳር አለ፣ ወደ ሦስት የሻይ ማንኪያ ገደማ። «ድራይ» የተባለው በሊትር 30 ግራም ቢይዝ 22 ተኩል ግራም ይሆናል። ከለስላሳ ጋር ካወዳደርነው ኢምንት ነው፣ አውቃለሁ፤ ለስላሳ በሊትር መቶ ግራም አካባቢ አለው። ግን ለስላሳ «ደረቅ ነኝ» ብሎ አልጻፈም።

ጠጅ ቤት ገብታችሁ ደረቅ ብላችሁ ብታዙ ለስላሳውን ያመጡላችኋል? ይሞክሯታ! ብርሌው ተመልሶ ይሄዳል። ህግ ያልተጻፈበት ጠጅ ቤት የሚያከብረውን ቃል ነው እነዚህ በህግ የገለበጡት።

አመጣጡ ይገባኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሻምፓኝ ዛሬ ከምናውቀው እጅግ የበለጠ ስኳር ነበረው። ያኔ በሊትር 20 ግራም ደረቅ ሊባል ይችል ነበር። ከዛ የሰው ምላስ ተቀየረና ሌላ ስም ከስር ከስር እየጨመሩ ሄዱ፤ ብሩት፣ ኤክስትራ ብሩት፣ ምንም ስኳር ያልተጨመረበት ብሩት ናቱሬ። የላይኛውን ስም ግን ማንም አልነካውም።

አሁን «ጣሊያኖች ምን ያድርጉ፣ ህጉ የአውሮፓ ነው» የሚለኝ ይኖራል። ወደ እሱ ልመጣ ነው።

ፕሮሴኮ እንዴት እንደሚሰራ ላስረዳ፣ አጭር ነው። የወይን ጭማቂ አንዴ ይፈላል፣ ወይን ይሆናል። ከዛ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት በተዘጋ ትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ዳግም ይፈላል። እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮልና ካርቦንዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ጋኑ ዝግ ስለሆነ ጋዙ መውጫ ያጣና ፈሳሹ ውስጥ ይሟሟል። አስረኛ ክፍል የተማራችሁት ነው፣ አስተምሬያችኋለሁ። ዘዴውን በ1895 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ፌዴሪኮ ማርቲኖቲ የሚባል የአስቲ ከተማ ሰው ነው፤ ዩጂን ሻርማ የተባለ ፈረንሳዊ በ1907 አሻሻለው፤ ስሙ ግን በብዙ ቦታ ለፈረንሳዊው ቀረ።

«የጋን ስራ ርካሽ ነው፣ እውነተኛው ጠርሙስ ውስጥ የሚፈላው ነው» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ጠርሙስ ውስጥ የሚፈላ የጣሊያን ወይንም አለ፤ የሎምባርዲው ፍራንቻኮርታ ቢያንስ 18 ወር ከእርሾው ጋር ይተኛል፣ የዳቦ ሽታ ይይዛል። ፕሮሴኮ ግን የሚፈለገው ለፍሬው ሽታ ነው፣ ፖም ፖም እንዲል። 18 ወር ብታስተኛው ያ ሽታ ይጠፋል። እና በጋን ሲሰራ ባለሙያው የፈለገው ልክ ሲደርስ ፈሳሹን አቀዝቅዞ እርሾውን ያስቆመዋል። ማለትም ስንት ግራም ስኳር እንደቀረ ለክቶ ያውቀዋል! ቁጥሩ በእጁ ነው። ጠርሙሱ ፊት ላይ ግን ቁጥሩን ትቶ እንቆቅልሽ ይጽፋል።

ከኮመንት ሰጪዎቹ አንዱ ትንሽ የሚያውቅ መሰለኝ፣ «ዲኦሲጂ ያለበትን ብትሰጠው አትሳሳትም ነበር፣ ዋስትና ያለው እሱ ነው» አለ። ይሄ ነው በጣም ያናደደኝ፣ ምክንያቱም ግማሽ እውቀት ነው።

ዲኦሲ ማለት ምንጩ ቁጥጥር የሚደረግበት ስም ማለት ነው። ጂ ስትጨመርበት «ዋስትና ያለው» ትሆናለች። ዋስትናው የምንድነው? የቦታ፣ የወይኑ ዘር፣ የምርት ልክ፣ የአሰራር። ተመርምሮና ተቀምሶ ካለፈ በኋላ የመንግስት ማተሚያ ቤት ያተመው ቁጥር ያለው ወረቀት ጠርሙሱ አንገት ላይ ይለጠፋል። ተራው ፕሮሴኮ ዲኦሲ በሄክታር እስከ 180 ኩንታል ወይን መሰብሰብ ይፈቀድለታል። የኮኔልያኖና ቫልዶቢያዴኔ ኮረብታዎች ዲኦሲጂ ግን 135 ኩንታል ላይ ያቆማል። የገበሬ ልጆች ልዩነቱ ይገባችኋል፤ አንድ ተክል ብዙ ሲሸከም ፍሬው ውሃ ውሃ ይላል። ኮረብታው ደግሞ ቁልቁለት ስለሆነ በእጅ ነው የሚለቀመው። ስለዚህ ዲኦሲጂ ባዶ ወሬ አይደለም፣ እውነተኛ ጉልበት አለበት።

ስለ ስኳሩ ግን ምንም አይነግርህም! እንዲያውም ከሁሉም ውዱ ካርቲዜ፣ መቶ ምናምን ሄክታር ብቻ ያለው ኮረብታ፣ በባህሉ የሚሰራው «ድራይ» ሆኖ ነው፣ ማለትም ከኤክስትራ ድራይም የሚጣፍጥ። ልጅቷ ያንተን ምክር ሰምታ ካርቲዜ ብትከፍት ኖሮ የሦስት ጠርሙስ ዋጋ ይቆረጥባት ነበር።

አሁን ወደ «ምን ያድርጉ» ልመለስ። እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ፕሮሴኮ የወይን ዘር ስም ነበር። የዘር ስም ደግሞ የማንም አይደለም፤ አውስትራሊያም ብራዚልም ተክሎ ሊጽፈው ይችላል። ጣሊያኖች ምን አደረጉ? ዘሩን «ግሌራ» በሚባል ሌላ ስም ጠሩት። ፕሮሴኮ የምትባል መንደር ትሪየስቴ ከተማ አጠገብ አለች፤ ከቫልዶቢያዴኔ ከመቶ ኪሎሜትር በላይ ትርቃለች። እሷን እንዲጨምር ክልሉን ዘጠኝ አውራጃ ላይ ዘረጉትና «ፕሮሴኮ የቦታ ስም ነው» አሉ። አውስትራሊያዎቹ «ትናንት የዘር ስም ነበር፣ ዛሬ እንዴት ቦታ ሆነ?» ብለው ተከራከሩ። እውነታቸውን ነው፣ ብልጠት ነው። ግን አልፈርድባቸውም። ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ለማስመዝገብ በ2005 ስንጠይቅ የአሜሪካ ቡና ማህበር እንዴት እንደተቃወመን፣ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተደረሰው በ2007 እንደነበር አስታውሳለሁ። ስም ገንዘብ ነው፤ ያለው ይጠብቀው።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የራሳቸውን ስም ለማዳን የአንድ ተክል መጠሪያ መቀየር የቻሉ ሰዎች «ድራይ» የምትል አንዲት ቃል ማስቀየር እንዴት ያቅታቸዋል? በዓመት ከ600 ሚሊዮን ጠርሙስ በላይ የሚሸጥ ወይን ነው፣ ድምጹ ብራስልስ አይሰማም ማለት ነው? ሻጩን የሚጠብቀው ህግ በኩንታል ተለክቷል። ጠጪውንና አስተናጋጇን የሚመለከተው ጋ ሲደርስ ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቋንቋ ይወራል። ቸልታ ነው፣ የቸልታውን ዋጋ ደግሞ የምትከፍለው ወርሃዊ ደሞዟን ወደ ሀገር ቤት የምትልክ ልጅ ናት።

የተሳደባችሁ ሰዎች፣ ኮመንታችሁን ብታጠፉት ጥሩ ነው። ባታጠፉትም ስክሪን ሾት አለኝ።

አንቺ ደግሞ፣ ማታ በቮይስ «ቲቸር ታዲያ በምን ልያዘው?» ብለሽኝ ነበር። ጣፋጭ ያልሆነ ሲሉሽ «ብሩት» ያለበትን አንሺ፤ «ድራይ» የሚል ቃል ካየሽ ስኳር ብለሽ አንብቢው። የተቆረጠብሽን የሚያሳየውን ወረቀትና የጠርሙሱን ፎቶ ላኪልኝ። ለአለቃሽ የሚሰጠውን ደብዳቤ ቅዳሜ ቁጭ ብለን አብረን እንጽፈዋለን፤ እንግሊዝኛውን አንቺ ትጽፊዋለሽ።