የሕንድ አነስተኛ ሮኬት እና ተራ የሚጠብቁ ሳተላይቶች

የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይናው ታይዩዋን የማምጠቂያ ጣቢያ ወደ ጠፈር ተጉዛለች። 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው ይህች ሳተላይት የግብርና፣ የአካባቢ ጥበቃና የማዕድን መረጃ እንድትሰበስብ የተሠራች ናት። ሮኬቱ በዚያ ቀን የተነሣው ግን በዋናነት የቻይናንና የብራዚልን የጋራ ሳተላይት ለማድረስ ነበር። የእኛዋ ከተጓዳኝ ተሳፋሪዎች አንዷ ነበረች።

የአብዛኞቹ አነስተኛ ሳተላይቶች ዕጣ ይኸው ነው። ትልቅ ሮኬት የሚነሣበትን ቀንና የሚደርስበትን ከፍታ የሚወስነው የዋናው ጭነት ባለቤት ነው። እህሉን በሰው የጭነት መኪና ወደ ገበያ የሚልክ አርሶ አደር ባለመኪናው እስኪነሣ እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ ባለ ትንሿ ሳተላይትም ተራውን ይጠብቃል።

ሕንድ ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናል ያለችውን ኤስኤስኤልቪ የተሰኘ አነስተኛ ሮኬት ሠርታለች። ሮኬቱ 34 ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱም 120 ቶን ገደማ ነው። 500 ኪሎ ግራም ጭነት ወደ 500 ኪሎ ሜትር ከፍታ ማድረስ ይችላል። ሀገሪቱ ለረጅም ዓመታት የተጠቀመችበት ፒኤስኤልቪ የተባለው ሮኬት 320 ቶን ገደማ ይመዝናል።

የአዲሱ ሮኬት ሦስት ዋና ዋና እርከኖች በጠጣር ነዳጅ ይሠራሉ። ነዳጁና ኦክስጅን የሚሰጠው ቅመም ጎማ መሰል ማጣበቂያ ተጨምሮባቸው እንደ ሊጥ ይለወሳሉ፤ ከዚያም በሮኬቱ አካል ውስጥ ፈስሰው ይጠነክራሉ። ፈሳሽ ነዳጅ የሚጠቀሙ ሮኬቶች ግን ቧንቧ፣ ፓምፕና ከመነሣታቸው በፊት የሚደረግ የነዳጅ ሙሌት ይፈልጋሉ። ጠጣሩ ተሞልቶ በመጋዘን መቆየት ስለሚችል፣ ሮኬቱ በጥቂት ባለሙያዎች በቀናት ውስጥ ተገጣጥሞ እንዲነሣ ታስቦ ተነድፏል።

ይሁን እንጂ ጠጣር ነዳጅ አንዴ ከተለኮሰ በኋላ ማጥፋት አይቻልም። በመሆኑም መሐንዲሶቹ በሮኬቱ አናት ላይ የመጨረሻውን ፍጥነት የሚያስተካክል ትንሽ የፈሳሽ ነዳጅ ክፍል ጨምረዋል።

ይህም ሆኖ ነሐሴ 1 ቀን 2014 ዓ.ም የተደረገው የመጀመሪያው በረራ አልተሳካም። ሁለተኛው እርከን ሲለያይ የተፈጠረ የአጭር ቅጽበት ንዝረት የሮኬቱን መለኪያዎች አዛባ፤ ኮምፒውተሩም መለኪያዎቹ ተበላሽተዋል ብሎ ደመደመ። ሳተላይቶቹ በ356 ኪሎ ሜትር ከፍታ መዞር ሲገባቸው፣ አንድ ጎኑ እስከ 76 ኪሎ ሜትር ዝቅ በሚል ምሕዋር ላይ ተለቀቁ። በዚያ ዝቅታ አየሩ ስለሚጎትታቸው ጠፍተው ቀሩ። ከጠፉት መካከል በሕንድ የገጠር ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 750 ልጃገረዶች የተሳተፉባት ሳተላይት ትገኝበታለች።

ስሕተቱ ተለይቶ ከታረመ በኋላ የካቲት 3 ቀን 2015 ዓ.ም የተደረገው ሁለተኛ በረራ ተሳካ፤ የልጃገረዶቹ ሁለተኛ ሳተላይትም ምሕዋሯን ያዘች። ሦስተኛው በረራ ነሐሴ 10 ቀን 2016 ዓ.ም በስኬት ተጠናቀቀ። በሰኔ 2017 ዓ.ም ደግሞ ሂንዱስታን ኤሮኖቲክስ የተባለው የመንግሥት ኩባንያ የሮኬቱን ቴክኖሎጂ ተረክቦ ለማምረት የወጣውን ጨረታ በ5 ነጥብ 11 ቢሊዮን ሩፒ አሸንፏል።

ከዚህ ጎን ለጎን በታሚል ናዱ ግዛት ኩላሴካራፓቲናም በተባለ የባሕር ዳርቻ አዲስ የማምጠቂያ ጣቢያ እየተገነባ ነው። ነባሩ የስሪሃሪኮታ ጣቢያ ወደ ደቡብ የሚተኮሱ ሮኬቶችን ስሪላንካን ለመሸሽ አቅጣጫ ያስቀይራቸዋል። ይህ መታጠፍ ነዳጅ ስለሚበላ ለትንሽ ሮኬት ከባድ ሸክም ነው። ከአዲሱ ጣቢያ የሚነሣው ሮኬት ግን በቀጥታ በባሕር ላይ ይጓዛል።

አነስተኛ ሮኬት ሁሉንም ችግር ይፈታል ማለት አይደለም። በኪሎ ግራም ሲሰላ በትልቅ ሮኬት በጋራ መጓዝ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። በመሆኑም ለብቻ የሚነሣ ሮኬት የሚከራይ ሰው በዋናነት የሚከፍለው ለጊዜው ነው፤ ቀኑንና ምሕዋሩን ራሱ ይመርጣል።

የጊዜ ጉዳይ ደግሞ ለግብርና ቀላል አይደለም። የአነስተኛ ሳተላይቶች ዕድሜ በአብዛኛው ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ነባሯ አገልግሎቷን ጨርሳ ተተኪዋ ተራ ስትጠብቅ ክረምቱ ካለፈ፣ የዚያን ዓመት የሰብል ይዞታ ተመልሶ ማየት አይቻልም። እርግጥ ነው፣ ሌሎች ሀገራት በነጻ የሚያጋሯቸው የሳተላይት ምስሎች ክፍተቱን በከፊል ይሸፍናሉ። ነገር ግን ምን መቼ እንደሚታይ የሚወስነው የሳተላይቱ ባለቤት ነው። የድርቅ ወይም የተባይ ምልክት ሰብሉ ከጠፋ በኋላ ቢደርስ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

ኢትዮጵያ የራሷን ሮኬት መሥራት አለባት የሚል ድምዳሜ ከዚህ አይወጣም። ከሕንድ ተሞክሮ የሚወሰደው ትምህርት ቀጣይ ሳተላይት ሲታቀድ የማምጠቂያው ውልም አብሮ መታሰብ እንዳለበት ነው። መቼ ትመጥቃለች? ብትዘገይ ወይም ብትጠፋ ተተኪዋ በምን ያህል ጊዜ ትደርሳለች? የሳተላይቷ ጥቅም ለአርሶ አደሩ በወቅቱ መድረሱ በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ላይ የተመሠረተ ነው።