ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱና ሲመለሱ

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት በአጭሩ መስመር ሲለካ 11,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በ13 ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ከዋሽንግተን የሚነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራም በዚያው ያህል ጊዜ፣ የትም ሳያርፍ ቦሌ ይገባል። ወደዚያ የሚሄደው ግን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ ቆይቶ፣ በጠቅላላው ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይፈጅበታል።

ዋናው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ስለሚገኝ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ሲያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። የመንደርደሪያው ርዝመት ደግሞ የተወሰነ ነው። ለአትላንቲክ ማዶ የሚበቃ ነዳጅ፣ ሙሉ መንገደኛና ሻንጣ በአንድነት ተጭነው ከቦሌ መነሳት ስለሚከብድ፣ ነዳጁ ተቀንሶ ይነሳና በመንገድ ይሞላል። ደለስ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ስለማይል እንዲህ ያለ ችግር የለበትም።

ነፋሱም ያግዛል፤ አለዚያም ይጎትታል። በአሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ የአየር ጅረት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውን ከኋላ ይገፋል፣ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ከፊት ይገታል። በአሜሪካ የክረምት ወራት ጅረቱ ስለሚበረታ ልዩነቱ ይሰፋል።

ማረፊያው የት ይሁን የሚለውም ርቀቱን ይለውጣል። በረራው በተለያዩ ጊዜያት በአየርላንድ ደብሊን እና በቶጎ ሎሜ በኩል አልፏል። ካርታ ላይ ደብሊን ሩቅ ዙር ትመስላለች፤ ምድር ክብ በመሆኗ ግን ከቀጥታው መስመር የምትጨምረው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሎሜ 1,200 ገደማ ትጨምራለች። ሎሜ ላይ ግን ሌላ መንገደኛ ይጫናል፣ ይወርዳል፤ ለአየር መንገዱ ገበያ ነው።

የሰዓት አቆጣጠሩ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። ዋሽንግተን በበጋዋ በ7፣ በክረምቷ በ8 ሰዓት ከአዲስ አበባ ወደ ኋላ ትቀራለች። ምሽት ቦሌ የተሳፈረ መንገደኛ ያን ሁሉ ሰዓት በሮ ሲደርስ እዚያ ገና የማግስቱ ጠዋት ነው። በመመለሻውም በረራው አጭር ሆኖ ሳለ ቀኑ ይለወጣል፤ ጠዋት የተነሳ ሰው ቦሌ የሚገባው በማግስቱ ነው። ለተቀባይ ቤተሰብ ቀኑን አጥርቶ መንገር የሚገባው ለዚህ ነው።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን መኖሪያ በመሆኑ፣ መስመሩ ልጆቻቸውን ሊያዩ፣ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ የሚሄዱ እናቶችና አባቶች የሚበዙበት ነው። ከእነሱ እንግሊዝኛ የማይችሉ አሉ፤ አውሮፕላኑ እኩለ መንገድ ላይ ሲያርፍ «ደረስን» ብለው ሊነሱ ይችላሉ። ትኬት ቆራጩ ዋጋውንና የሻንጣውን ኪሎ ሲናገር፣ በመንገድ ማረፊያ እንዳለና ለዋሽንግተን መንገደኛ እዚያ መውረጃው እንዳልሆነ አብሮ መናገር አለበት። የእግር እብጠት ወይም የስኳር ሕመም ላለበት ሽማግሌ የ13 እና የ17 ሰዓት ልዩነት ቀላል አይደለም፤ መድኃኒቱ የሚዋጠውም በሰዓት ነው።

ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ዝቅታው የአየሩን መሳሳት ባያጠፋውም ይቀንሰዋል፤ ከዚያ የሚነሳ አውሮፕላን ከዛሬው የበለጠ ነዳጅና ጭነት ይዞ መነሳት ይችላል።