«ፋይል አለው?»

ባለፈው ኅዳር አጎቴን ተከትዬ ወልድያ ጎንደር በር አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ጥገና ሱቆች ወደ አንዱ ገባሁ። አጎቴ መርሳ ላይ ማስተማር ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ላፕቶፑ ሲከፈት አርማውን ብቻ እያሳየ መሽከርከር ከጀመረ ሳምንት ሆኖታል። ጠጋኙ ልጅ ነካካው፣ ሁለት ሦስቴ አጥፍቶ አበራው፣ ከዚያ «መምህር፣ ፎርማት ነው የሚያስፈልገው» አለ። ቀጥሎ ሁሉም ጠጋኝ የሚጠይቀውን ጠየቀ፦ «ፋይል አለው?»

«የለውም» አለ አጎቴ። «የኔ ነገር ሁሉ ዴስክቶፕ ላይ ነው።»

እኔ በር ላይ ቆሜ ስልክ እያናገርኩ ነበር፤ አልሰማሁም። ብሰማ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

አጎቴ ሞኝ አይደለም። ለእሱ ዴስክቶፕ ማለት ኮምፒውተሩን ሲከፍት ፊት ለፊት የሚያየው ጠረጴዛ ነው፤ «ፋይል» ደግሞ ከውስጥ፣ ከጀርባ ያለ ሌላ ነገር። ዴስክቶፕም ሆነ «ዶክመንትስ» የሚባለው ፎልደር ዊንዶውስ ራሱ ከተጫነበት ከሲ ድራይቭ ላይ እንደሚቀመጥ የነገረው ሰው አልነበረም። ዊንዶውስ አዲስ ሲጫን መጀመሪያ የሚነካው ደግሞ ሲ ነው። ዲ ላይ የተቀመጠ ነገር ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ ጠጋኙ እጁ ካልሳተ። ስንት መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራተኛው ዓመታዊ ዕቅድ፣ የደመወዝ ዝርዝሩ፣ ቃለ ጉባኤው ዴስክቶፑ ላይ ተደርድሮ እንዳለ የገባችሁበት ሁሉ አይታችኋል።

ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑ ፈጣንና ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። አጎቴ ለጥቂት ደቂቃ ደስ አለው። ከዚያ «የፈተናዎቼ ፎልደር የታለ?» አለ። የፈተናዎቹ ፎልደር፣ የተማሪዎች ውጤት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የዕድሩ የክፍያ መዝገብ አልነበረም። አጎቴ የዕድር ጸሐፊ ነው። ማን ከፈለ፣ ማን ውዝፍ አለበት፣ ለማን ሐዘን ስንት ወጣ የሚለው ሁሉ እዚያ ላፕቶፕ ላይ ነበር። የዕድር ሒሳብ የጠፋበት ጸሐፊ በመርሳ ገበያ እንዴት ቀና ብሎ ይሄዳል?

ደግነቱ ልጁ ቸኩሎ ነበር። ከፍላሽ ላይ ዊንዶውሱን ሲጭን «ፎርማት» የሚለውን ሳይጫን፣ በአሮጌው ላይ አዲሱን ደርቦ ነው የጫነው። እንዲህ ሲሆን ዊንዶውስ አሮጌውን አያጠፋም፤ ሲ ድራይቭ ላይ «ዊንዶውስ.ኦልድ» የሚባል ፎልደር ፈጥሮ ሁሉንም እዚያ ያጭቃል። ከውስጡ «ዩዘርስ» የሚለው ተከፍቶ፣ የድሮው ተጠቃሚ ስም ተፈልጎ ሲገባ ዴስክቶፑም ዶክመንቱም እንዳለ ይገኛል። ፈቃድ የለህም የሚል መልእክት ከመጣ መቀጠልን መምረጥ ነው። ችግሩ ይህ ፎልደር ዕድሜው አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ቀን በኋላ ሥርዓቱ ራሱ ያጠፋዋል። ወይም ሌላ ጠጋኝ «ቦታ ይዟል» ብሎ ያጸዳዋል። ስለዚህ ፋይሉ የጠፋበት ሰው ሳይውል ሳያድር መቅዳት አለበት፣ ያውም ወደዚያው ሲ ሳይሆን ወደ ሌላ ዲስክ።

ልጁ ፎርማት የሚለውን ተጭኖ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይከብድ ነበር። አሮጌው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በላዩ ብዙ ካልተጻፈበት በመልሶ ማግኛ ፕሮግራም ጥቂት ያስመልሳል፤ አዲሱ ኤስኤስዲ ግን የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ስለሚያጸዳ ተስፋው ቀጭን ነው።

ፋይሎቹ ተገኙ፤ አጎቴም «ተመስገን» ብሎ የ2001 ዓ.ም. የአማርኛ ፈተናውን ከፈተ። ያ ሁሉ አማርኛ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና ቅንፍ ሆኖ ወጣ። «ቫይረስ በላው!» አለ። ጠጋኙም ግራ ገባው፤ ዕድሜው አልደረሰበትም።

ቫይረስ አልነበረም። ያ ፈተና የተጻፈው በቪዥዋል ግዕዝ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መደበኛ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ እኛ አገር ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት ቢሮው ሁሉ የሚጽፈው የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛን ቅርጽ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ አማርኛው አብሮ ይጠፋል። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ደግሞ መጀመሪያ የሚረሳው ይህን ነው፦ ፎንቱን፣ የአማርኛ መጻፊያውን፣ ፕሪንተሩን፣ ብሮውዘሩ ላይ የተቀመጠውን የይለፍ ቃል። ፋይል ብቻውን መመለስ ግማሽ መመለስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥቅም ያለው ነገር ልናገር። የጠፋው ፎንት ያለው እዚያው ዊንዶውስ.ኦልድ ውስጥ ነው፤ «ዊንዶውስ» ከዚያ «ፎንትስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ። ከዚያ ቀድተን ጫንነው፣ ፈተናውም አማርኛ ሆነ። ጠጋኙ ልጅ ከአጎቴ በላይ ተደሰተ። ዘላቂው ነገር ግን ፎንቱን መያዝ ሳይሆን ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ያንን ፎንት የሚያውቅ ሰው አይገኝም።

ይህን የአንድ አስተማሪ ገጠመኝ እዚህ ገጽ ላይ ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለተመዘገቡ ግለሰብ ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ቢሰጥም ጉዞው ወደ ዊንዶውስ 11 ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና በአንጻራዊነት አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በየወረዳው ጠረጴዛ ላይ የማያቸው ሲፒዩዎች ብዙዎቹ ይህን አያሟሉም። ስለዚህ አንዱ በግድ ይጭናል፣ አንዱ ባለበት ይቆያል፣ አንዱ ኮምፒውተር ይቀይራል። በየትኛውም መንገድ ዘንድሮና ከርሞ ከወትሮው የበለጠ ኮምፒውተር ፎርማት ይደረጋል፤ «ፋይል አለው?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ደግሞ ያው የአጎቴ ነው። ሒሳቡን በፒችትሪ የሚይዝ መሥሪያ ቤት ቢያንስ የድርጅቱ ዳታ የተቀመጠበትን ፎልደር ከፎርማት በፊት ይፈልግ። ብዙ ጊዜ እሱም ሲ ላይ ነው።

ፎርማት ግን የችግሩ ትንሹ ነው። እኛ ወሎዎች ትልቁን አይተነዋል።

ወልድያ ነሐሴ 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ቆየች። በእነዚያ ወራት ሆስፒታሉ ተዘረፈ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘረፉ። በወሎ ብቻም አልነበረም፤ ጦርነቱ በነካቸው በትግራይና በአፋር ከተሞችም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። የጠፋው ሲቆጠር በአብዛኛው የሚቆጠረው ማሽን ነው፦ ይህን ያህል ኮምፒውተር፣ ይህን ያህል ፕሪንተር። ማሽን በዕርዳታም በበጀትም ይተካል። ውስጡ የነበረው የታካሚ ካርድ፣ የተማሪ ውጤት፣ የጡረታ ፋይል ግን ሌላ ቦታ ቅጂ ከሌለው በምንም በጀት አይገዛም። ተጭኖ ለሄደ ሲፒዩ ዊንዶውስ.ኦልድ የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ «ለዞን እንልካለን» የሚል ነው። ሐብሩ ወረዳ መርሳ ላይ ተቀምጦ ቅጂውን ወልድያ ዞን ቢያስቀምጥ ከፎርማትና ከሌባ ይድናል። በ2013 እና በ2014 ግን መርሳም ወልድያም ተይዘዋል፤ ጥቅምት 2014 ላይ ደሴም ተከትላለች። በአንድ መንገድ ላይ የተሰለፉ ሦስት ከተሞች ለመጠባበቂያ እንደ አንድ ቦታ ናቸው። ቢያንስ አንዱ ቅጂ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ መሆን ነበረበት።

«ታዲያ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጡት» የሚል ወጣት አይጠፋም። እውነት አለው፣ ኔትወርክ ሲኖር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ግን በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ ፋይሉ ደመና ላይ የነበረ ሰው ፋይሉ አልጠፋበትም፤ ግን ሊያየውም አልቻለም። ስለዚህ ደመናው ይኑር፣ ኤክስተርናል ዲስኩም ይኑር። ወረዳዎችን ከማዕከል የሚያገናኝ ወረዳኔት የሚባል መስመርም ከተዘረጋ ቆይቷል። አብዛኞቻችን የምናውቀው በቪዲዮ ስብሰባ ነው። ሌሊት ሌሊት፣ ስብሰባ በሌለበት ሰዓት፣ የወረዳውን ፋይል ቅጂ ቢያመላልስ ምን ይጎዳል?

የሚገርመኝ የመሬት ነገር ነው። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ተሰጥቶታል፣ የባልና የሚስት ፎቶ የተለጠፈበት። መዝገቡ ቢሮ፣ ደብተሩ ገበሬው ቤት። ያንን ሥራ የነደፉት ሰዎች «ባክአፕ» የሚል ቃል አልተጠቀሙም፤ ግን ቢሮው ቢቃጠል እንኳ ጊራና ወይም ውርጌሳ ያለች አንዲት እናት ከሣጥኗ ውስጥ ማስረጃ ታወጣለች። ኮምፒውተር ስናስገባ ይህንን ረሳነው። ተማሪው ውጤቱን በየዓመቱ በወረቀት ቢይዝ፣ ሠራተኛው የጡረታ ፋይሉን ቅጂ ቤቱ ቢኖረው ወጪው የኮፒ ዋጋ ነው። አለቆች ግን ይህን ሲሰሙ «ወደ ኋላ መመለስ» ይመስላቸዋል።

አንድ ስጋት አለ፣ አልሸሸውም። ቅጂ በበዛ ቁጥር የሰው ምሥጢር የሚወጣበት ቀዳዳም ይበዛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን መረጃ የሚይዝ ተቋም በአግባቡ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የሆስፒታል ፋይል በፍላሽ ተቀድቶ በኪስ አይዞርም፤ በይለፍ ቃል መቆለፍ፣ ማን እንደያዘው መፈረም አለበት። ያው ግዴታ ግን የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ፋይሉ እንዳለ ተሸክሞ ሰፈር ሱቅ የሚወስደውንም ይመለከታል። ይህን ሲጠይቅ የሰማሁት ኃላፊ የለም።

አጎቴ ሁለት ፍላሽ ገዛ። አንዱ መርሳ ቤቱ ነው፤ ሌላውን «ሩቅ ይሁን ካልክ አንተው ያዘው» ብሎ ሰጥቶኝ አዲስ አበባ ይዤው መጣሁ። ባለፈው ሳምንት ደወለ። «የዕድሩ የጥርና የየካቲት ክፍያ ገብቷል፣ አንተ ጋ ያለው እኮ የኅዳሩ ነው» አለኝ። «መቼ ነው የምትመጣ?»