ክለብ ሲሸጥ ደጋፊ የት ይገባል?

ዛሬ ከኳሱ ወጣ ብለን ስለ በረዶ ሆኪ እናውጋ። “ሆኪ ደግሞ ምን አገባን?” የምትሉ አትጠፉም። እስቲ ታገሱን! ታሪኩ የበረዶ ይሁን እንጂ የሚነካው ማልያ ገዝቶ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ጨፍሮ ቤቱ የሚገባውን ደጋፊ ሁሉ ነው። (ዘመኑን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልን።)

ሃርትፎርድ የአሜሪካዋ ኮኔክቲከት ግዛት ዋና ከተማ ናት። በቦስተንና በኒውዮርክ መካከል ያለች፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሞሉባት ትንሽ ከተማ። ክለቧ ዌለርስ በ1972 መጫወት የጀመረው ግን ቦስተን ውስጥ ነው። በ1973 የአዲሱን ሊግ የመጀመሪያ ዋንጫ በላ፤ በ1975 ጓዙን ጠቅልሎ ሃርትፎርድ ገባ።

ከተማዋም ወደደችው። በጃንዋሪ 1978 የአዳራሹ ጣሪያ በበረዶ ክብደት ተደረመሰ። ሌሊት ስለነበር ማንም አልተጎዳም። ክለቡ ሁለት ዓመት ገደማ በጎረቤት ግዛት ስፕሪንግፊልድ ከተማ ሲጫወት፣ ደጋፊው በአውራ ጎዳናው እየተመላለሰ ተከተለው። ፍቅር ማለት ይሄ አይደል?

በ1979 ያ ሊግ ሲፈርስ ዌለርስን ጨምሮ አራት ክለቦች ወደ ትልቁ ሊግ ኤንኤችኤል ገቡ። በዚያ ዓመት የሆኪው ንጉሥ ጎርዲ ሃው ከሁለት ልጆቹ ጋር የዌለርስን ማልያ ለብሶ፣ በ50ዎቹ ዕድሜው 80ውንም የሊግ ጨዋታዎች ተጫወተ። አያት ሆኖ!

ውጤቱስ? እውነቱን እንናገር፣ ብዙም አልነበረም። በ18 የኤንኤችኤል ዓመታት በጥሎ ማለፍ አንድ ዙር ብቻ ነው ያሸነፈው፤ በ1986 ኩቤክን። በቀጣዩ ዙር በሞንትሪያል በሰባተኛው ጨዋታ፣ ያውም በጭማሪ ሰዓት ተሸነፈ። የከተማው ሰው ግን ለተሸናፊው ክለብ አደባባይ ወጥቶ ሰልፍ አደረገለት።

ከዚያ ወዲያ ነው ነገሩ የተበላሸው። በ1991 አምበል የነበረው ሮን ፍራንሲስ ለፒትስበርግ ተሰጠ። ፒትስበርግ በዚያው ዓመትና በቀጣዩ ዋንጫውን አነሳ። ዌለርስ የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት ጥሎ ማለፍ እንኳ ሳይገባ ቀረ። በ1994 ክለቡን የገዙት ፒተር ካርማኖስ በ1997 ወደ ሰሜን ካሮላይና ይዘውት ሄዱ። ኤፕሪል 13 ቀን 1997 ዌለርስ ታምፓ ቤይን 2 ለ 1 አሸንፎ ሃርትፎርድን ተሰናበተ። በ2006 ያው ክለብ ካሮላይና ሃሪኬንስ ተብሎ የስታንሊ ዋንጫን አነሳ። ለሃርትፎርድ ሰው ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

“ደጋፊው ትኬት አልገዛም፣ አዳራሹም ጠባብ ነበር” የሚሉ አሉ። ገበያው ትንሽ መሆኑን አንክድም። ግን አምበሉን የሸኘው ደጋፊው ነው እንዴ? የሚወደውን ተጫዋች ነጥቀህ፣ ዓመት በዓመት ሽንፈት አብልተህ፣ “ለምን አልመጣህም?” ብሎ መውቀስ ፍትሕ አይደለም።

ደግሞም ሌላ መንገድ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የክሊቭላንድ የአሜሪካን ፉትቦል ክለብ ወደ ባልቲሞር ሲሄድ ስሙ፣ ቀለሙና ታሪኩ ለከተማው ቀርቷል። በ1999ም ክሊቭላንድ በዚያው ስም ክለብ አገኘች። ሃርትፎርድ ግን ስሟንም አጣች። በ2018 ሃሪኬንስ የዌለርስን አረንጓዴ ማልያ ለብሶ የተጫወተው በራሱ ሜዳ፣ ካሮላይና ውስጥ ነው። ትዝታም ይሸጣል ለካ!

እናንተ የኳስ ወዳጆች ይሄን ታውቁታላችሁ። ዊምብልደን ወደ ሚልተን ኪንስ እንዲሄድ በ2002 ሲፈቀድ፣ ደጋፊዎቹ አልቅሰው አልቀሩም፤ በዚያው ዓመት የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ። ከታች ጀምረው በ2011 ፕሮፌሽናል ሊግ ገቡ፣ በ2020ም ፕላው ሌን ሰፈራቸው ተመለሱ።

የኛ አቋም ግልጽ ነው። ባለሀብት ክለብ ይግዛ፣ ያትርፍም። ስሙና ቀለሙ ግን የከተማው ይሁን፤ ደጋፊውም በውሳኔው ድምፅ ይኑረው። የኛዎቹም ክለቦች አብዛኞቹ በመሥሪያ ቤትና በከተማ አስተዳደር በጀት የሚኖሩ ናቸው። በጀቱ የቆመ ቀን ክለቡ የማን እንደሆነ ዛሬውኑ እንጠይቅ። ጣሪያው ከተደረመሰ በኋላ መጮህ ለሃርትፎርድም አልበጀ።